ልጁ ለምን ይረሳል? ኩላሊትና የወጣቶች አእምሮ

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ ይገባል፤ ቀስ እያለ ይቀንሳል)

  ቤት ያላችሁም፣ ታክሲ ውስጥ ያላችሁም፣ ሱቅ ከፍታችሁ ደንበኛ የምትጠብቁም፣ የዛሬውን ዝግጅት በአንዲት ትንሽ ጨዋታ እንጀምር። እስክሪብቶም ወረቀትም አትያዙ። አራት ቁጥሮች እጠራላችኋለሁ፤ እናንተ ደግሞ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ገልብጣችሁ ትነግሩኛላችሁ። ተዘጋጃችሁ?

7 … 2 … 9 … 4።

(አምስት ሰከንድ ጸጥታ)

4፣ 9፣ 2፣ 7 ያላችሁ፣ ጎበዞች! አሁን ምን እንዳደረጋችሁ ልብ በሉ። ቁጥሮቹን ለአፍታ በሐሳባችሁ ያዛችሁ፤ ሳትጥሏቸውም አገላበጣችሁ። እናት እንጀራ ምጣድ ላይ አስፍታ፣ የወጡን ውኃ እያሰበች፣ የሚያለቅሰውን ሕጻን የምታባብለው በዚሁ ችሎታ ነው። ተማሪም የሒሳብ ጥያቄ አንብቦ፣ የተሰጠውን ይዞ፣ የተጠየቀውን የሚፈልገው በዚሁ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ልጆችን ሲመረምሩ እንዲህ ያለ የቁጥር ጨዋታ ያጫውቷቸዋል።

ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ልጆችና ወጣቶች ብዙ ጊዜ የሚቸገሩት እንዲህ ባለው ነገር ላይ ነው፤ ይዞ በማሰብ፣ ትኩረትን ሰብስቦ በማቆየት፣ ሥራን አቅዶ በመፈጸም። ኩላሊት ያለው ከወገባችን ከፍ ብሎ በጀርባችን በኩል ነው፤ አእምሮ ደግሞ በራስ ቅላችን ውስጥ። ምን አገናኛቸው? የዛሬው ርእሳችን ይህ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አባቶቻችን ፈጣሪን ልብና ኩላሊትን መርማሪ ይሉታል። ኩላሊትን የሐሳብ መደበቂያ አድርገው የተናገሩት በምሳሌ ነው። የዛሬው ሕክምና ግን ኩላሊትንና ሐሳብን የሚያገናኙ ብዙ ሥጋዊ መንገዶች አግኝቷል። መንገዶቹን ከማየታችን በፊት የኩላሊትን ሥራ እናስታውስ።

የአዋቂ ሰው አንዱ ኩላሊት 150 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ መጠኑ የተጨበጠ ቡጢ ቢያክል ነው። በውስጡ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ በዓይን የማይታዩ ማጣሪያዎች አሉ። ሁለቱ ኩላሊቶች ተባብረው በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ። ውኃ የምንቀዳበትን ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን አስቡት፤ 9 ጀሪካን ማለት ነው፣ በየቀኑ። ከዚህ ውስጥ ሽንት ሆኖ የሚወጣው አንድ ወይም ሁለት ሊትር ብቻ ነው። ቀሪው ንጹሑ ወደ ደም ይመለሳል።

የኩላሊት ሥራ በማጣራት አያበቃም። የደም ግፊትን ይቆጣጠራል። ኤሪትሮፖይቲን የሚባል ንጥረ ነገር እያመረተ መቅኒያችን ቀይ የደም ሴል እንዲሠራ ያዝዛል። ቫይታሚን ዲን አጥንት ሊጠቀምበት ወደሚችልበት መልክ ይለውጣል። የጨውና የአሲድን ሚዛንም ይጠብቃል። ኩላሊት ሲታመም እነዚህ ሁሉ አብረው ይናጋሉ።

ጉዳቱ ከ3 ወር በላይ ሲቆይ ሐኪሞች ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ይሉታል። አምስት ደረጃዎች አሉት። የመጀመሪያዎቹ ድምፅ የላቸውም፤ አምስተኛው ላይ ኩላሊት ሥራውን አቁሟል ማለት ይቻላል፤ የኩላሊት እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ ያስፈልጋል።

«ይህ የአዋቂዎች በሽታ አይደለም እንዴ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። በአዋቂዎች ዘንድ ዋነኞቹ ምክንያቶች ስኳርና የደም ግፊት ናቸው። በልጆች ግን ምንጩ ሌላ ነው። አንዳንዱ ልጅ ኩላሊቱ ወይም የሽንት ቧንቧው በትክክል ሳይሠራ ይወለዳል። ለምሳሌ አንዳንድ ወንዶች ልጆች ሽንትን የሚያግድ ስስ ሽፋን በሽንት ቧንቧቸው ውስጥ ይዘው ይወለዳሉ፤ ሽንቱ ወደ ኋላ እየተጫነ ኩላሊትን ይጎዳል። ሌላው ልጅ ማጣሪያዎቹ ራሳቸው ይቆጣሉ። የጉሮሮ ሕመም ወይም ያመረቀዘ እከክ ካለፈ ከሳምንታት በኋላ ኩላሊት የሚቆጣበት ጊዜ አለ። አብዛኞቹ ልጆች ከዚህኛው ይድናሉ፤ ከጥቂቶቹ ጋር ግን ጉዳቱ ይቆያል።

ምልክቱ ብዙ ጊዜ ያታልላል። ልጁ ጠዋት ሲነሣ ዓይኑ ሥር ያብጣል፤ ጎረቤት «ወፈረልሽ!» ብላ እናቱን ታመሰግናለች። ሽንቱ እንደ ሳሙና አረፋ ይሠራል፤ ማንም አያየውም። አልጋ ላይ መሽናት ትቶ የነበረው እንደገና ይጀምራል፤ ይቀጣበታል። ከእኩዮቹ ቁመቱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ «አባቱም አጭር ነው» ይባልና ይታለፋል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ አእምሮ እንውጣ። አእምሯችን ከክብደታችን 2 በመቶ ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ሰውነታችን በእረፍት ላይ ሆኖ ከሚያወጣው ኃይል 20 በመቶ ገደማ ለብቻው ይወስዳል። ስለዚህ በደም ውስጥ የሚፈጠር ማንኛውም ጉድለት ቶሎ ይሰማዋል። በዚያ ላይ የልጅ አእምሮ ገና በግንባታ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት እድገቱ እጅግ ፈጣን ነው። ከግንባራችን ጀርባ ያለው፣ ማቀድንና ራስን መግዛትን የሚመራው ክፍል ደግሞ በስሎ የሚያበቃው በ20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ ነው። የአዋቂ ሰው ኩላሊት ሲታመም የሚቸገረው ተሠርቶ ያለቀ ቤት ነው። በልጅ ላይ ግን ችግሩ የሚደርሰው ግድግዳው ገና እየተመረገ ሳለ ነው።

ጉዳቱ የሚደርስባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፤ ዋና ዋናዎቹን ልንገራችሁ።

አንደኛው ያልተወገደ ቆሻሻ ነው። ጭስ መውጫው የተደፈነበትን ማድ ቤት አስቡ። ወጡ ይሠራል፤ ሠሪዋ ግን ዓይኗ ያነባል፣ ራሷን ያማታል፣ ጨው መጨመር አለመጨመሯን ትረሳለች። በሽንት መውጣት የነበረባቸው ነገሮች በደም ውስጥ ሲከማቹም አእምሮ እንዲሁ ይሆናል፤ ይሠራል፣ ግን ይዘገያል፣ ይፈዛል። ክምችቱ እጅግ ከበዛ መቃዠትና ራስን መሳት ሊመጣ ይችላል።

ሁለተኛው የደም ግፊት ነው። ኩላሊትና አእምሮ ሁለቱም ሌት ተቀን ብዙ ደም የሚፈስባቸው፣ ሁለቱም በቀጫጭን የደም ሥሮች የተሞሉ ናቸው። አንዱን የጎዳ ግፊት ሌላውን አይምርም። ግፊቱ በድንገት ሲያሻቅብ ልጁ ከባድ ራስ ምታት ይይዘዋል፣ ዓይኑ ይጋረዳል፣ ከዚያም ሊንቀጠቀጥና ሊወድቅ ይችላል። ይህን ጊዜ ቤተሰቡ ክብሪት ጭሮ ከማሽተት ይልቅ ልጁን በጎኑ አስተኝቶ በፍጥነት ወደ ሕክምና ቢወስደው፣ በጊዜ የተደረሰበት አብዛኛውን ጊዜ ይድናል።

ሦስተኛው ደም ማነስ ነው። ቅድም የጠቀስነው ኤሪትሮፖይቲን ሲጎድል ቀይ የደም ሴል ያንሳል፤ ወደ አእምሮ የሚደርሰው ኦክስጅንም ይቀንሳል። ልጁ ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል፤ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። እ.ኤ.አ. በ1989 ይህ ንጥረ ነገር በመድኃኒት መልክ በአሜሪካ ከተፈቀደ ወዲህ ግን ይህን መንገድ መዝጋት ተችሏል።

አራተኛው እንቅልፍና ኑሮ ነው። ሌሊት ለሽንት መነሣት፣ የእግር መቅበጥበጥ፣ የቆዳ ማሳከክ እንቅልፍ ይነሣሉ። እጥበት ላይ ያለ ልጅ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አራት ሰዓት ያህል ከማሽን ጋር ታስሮ ይውላል። በዚያ ሰዓት የሒሳብ መምህሩ አዲስ ምዕራፍ ጀምሯል። ከእጥበት ሲመለስም ድካሙ አብሮት ይመለሳል።

ጥናቶችስ ምን አገኙ? እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በአሜሪካና በካናዳ የኩላሊት ሕመም ያለባቸውን ከ900 በላይ ልጆች መዝግቦ ለዓመታት የተከታተለ ትልቅ ጥናት አለ። ሕመማቸው ቀላል ወይም መካከለኛ ከሆነ ልጆች አብዛኞቹ የአእምሮ ችሎታቸው በተለመደው ክልል ውስጥ ነው። ይህን ወላጆች ደጋግማችሁ ስሙልኝ። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ በትኩረት፣ በማቀድ ወይም በትምህርት ውጤት ከእኩዮቻቸው ዝቅ ብለው ተገኝተዋል። የደም ግፊታቸው ከፍ ያለው ደግሞ በአንዳንድ ፈተናዎች ይበልጥ ዝቅ ያሉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመና ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ግምገማም፣ አማካዩ 100 በሆነው የአእምሮ ችሎታ መለኪያ ላይ እነዚህ ልጆች ከሌላው ሕዝብ በአማካይ 10 ነጥብ ገደማ ዝቅ እንደሚሉ አሳይቷል። ልዩነቱ እጥበት ላይ ባሉት ይሰፋል፤ ሕመማቸው ቀላል በሆነው ይጠብባል።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮች፣ አሁን አንድ ክፍል ውስጥ እንግባ። እንበልና ሰባተኛ ክፍል ነው። መምህሩ «ደብተራችሁን አውጡ፣ ገጽ 42 ግለጡ፣ ሦስተኛውን ጥያቄ ሥሩና ስትጨርሱ እጃችሁን አንሡ» ይላል። ከግድግዳው ጥግ የተቀመጠው የ13 ዓመት ልጅ ደብተሩን አወጣ። ገጹን ግን ረሳው። ጎኑ ያለውን ሲጠይቅ «አትንጫጫ» ተባለ። ትንሽ ቆይቶ ሽንት ቤት ለመሄድ ፈቃድ ጠየቀ፤ ሁለተኛው ነው። «አንተ ሁልጊዜ ሰበብ!» ተባለና ተቀመጠ። በሰሚስተሩ መጨረሻ ካርዱ ላይ «ትኩረት ያንሰዋል፣ ይሰንፋል» ተብሎ ተጻፈ። ማታ አባቱ አነበበው። ከዚያ በኋላ የሆነውን እናንተ ታውቁታላችሁ።

ይህን ልጅ እኔ በሐሳቤ ሣልኩት፤ ነገር ግን የምታውቁት ልጅ መስሎ ከታያችሁ አይገርመኝም። እርግጥ የሚረሳ ልጅ ሁሉ ኩላሊቱ ታሟል ማለት አይደለም። ኩላሊቱ የታመመ ልጅ ሲረሳ ግን ስንፍና ብሎ መፍረድ በሕመሙ ላይ በደል መጨመር ነው።

ከታሪክም አንድ ነገር ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ1972 በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ ዴንቨር ከተማ፣ አለን አልፍሪ የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው እጥበት ላይ ያሉ አንዳንድ ሕሙማን አንደበታቸው እየተያዘ፣ እየተንቀጠቀጡ፣ አእምሯቸውን እየሳቱ እንደሚሞቱ ጻፉ። ምክንያቱ አልታወቀም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 እነዚሁ ሐኪሞች በሟቾቹ አእምሮ ውስጥ ከፍተኛ የአሉሚኒየም መጠን ማግኘታቸውን አሳወቁ። አሉሚኒየሙ የሚገባው በእጥበቱ ውኃና ፎስፌት የሚባለውን ማዕድን እንዲይዝ በሚሰጥ መድኃኒት በኩል ነበር። ኩላሊት ደኅና ቢሆን ኖሮ ያስወግደው ነበር። ያን መድኃኒት ይወስዱ በነበሩ ሕጻናት ላይም ተመሳሳይ ጉዳት ታየ። ከዚያ ወዲህ የእጥበት ውኃ በጥንቃቄ ይጣራል፤ መድኃኒቱም በሌላ ተተክቷል፤ ያ በሽታም ብርቅ ሆነ። «በሽታው ያመጣው ነው» ተብሎ ቢታለፍ ኖሮ ስንቱ ሕጻን ይጎዳ እንደነበር አስቡት። ስለዚህ የአእምሮ ለውጥ ሲታይ ምክንያቱ መፈለግ አለበት፤ ብዙ ጊዜ የሚስተካከል ነገር ይገኛል።

እዚህ ላይ ነው የነገሩ ቋጠሮ ያለው። ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ሕክምናው ራሱ ብዙ አእምሮ ይጠይቃል። ይህን ክኒን ከምግብ ጋር፣ ያንን በባዶ ሆድ፣ ጨው ቀንስ፣ የምትጠጣውን ለካ፣ ግፊትህን መዝግብ፣ ቀጠሮህን አትርሳ። ይህን ሁሉ የምናሸክመው ደግሞ በሽታው ያደከመውን አእምሮ ነው። በጉርምስና ላይ ሲሆን ይብሳል። ልጁ «ትልቅ ሰው ሆኛለሁ» ይላል፤ ወላጅም «አሁንስ ራሱን ይቻል» ይላል። ንቅለ ተከላ ያደረጉ ሰዎች የተተከለላቸውን ኩላሊት የማጣት አደጋቸው ከፍ ከሚልባቸው ዕድሜዎች አንዱ ከ17 እስከ 24 ባለው ውስጥ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። መድኃኒት የሚቋረጠው፣ ከልጆች ሐኪም ወደ አዋቂዎች ሐኪም የሚዛወረውም በዚሁ ዕድሜ ነው። እንግዲህ ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ዋናው ነገር ይህ ነው፦ የልጁ አእምሮ እስኪበረታ ድረስ ሸክሙን አብረነው እንሸከም።

እንዴት? በአጭሩ ልዘርዝር።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ በሐኪም እይታ ሥር ከሆነ የደም ግፊቱ በየጊዜው ይለካ። መለኪያው ክንዱ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ በልጁ ክንድ ልክ መሆን አለበት፤ ጠባብ ከሆነ ግፊቱን አብልጦ፣ ሰፊ ከሆነ አሳንሶ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2009 በአውሮፓ 385 ልጆችን ይዞ የታተመ ጥናት፣ ግፊታቸው ጠበቅ ተደርጎ ከተያዘላቸው ከ100ው 30 ያህሉ፣ በተለመደው መንገድ ከተያዙት ግን ከ100ው 42 ያህሉ በ5 ዓመት ውስጥ ኩላሊታቸው ክፉኛ መዳከሙን አሳይቷል። ለኩላሊት የሚበጅ ግፊት ለአእምሮም ይበጃል።

ክኒኑን በቀንና በሰዓት በተከፋፈለ ሣጥን አስቀምጡ፤ የስልክ ማንቂያ ሙሉ። «ወስደሃል?» ብሎ ከመጠየቅ አብሮ ቆሞ ማየት ይሻላል። ኃላፊነቱን ቀስ በቀስ፣ አንድ አንዱን አስረክቡት። ለራስ ምታትና ለቁርጥማት ተብለው የሚገዙ እንደ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች ኩላሊትን ይጎዳሉ፤ ሐኪም ሳታማክሩ አትስጡ። ምንነቱ ያልታወቀ የባህል መድኃኒትም እንዲሁ። ጸበል የምትወስዱትም መድኃኒቱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ምን ያህል መጠጣት እንደሚችልም ሐኪሙን አስቀድማችሁ ጠይቁ። እምነትና መድኃኒት አብረው ይሄዳሉ።

መምህራን ሆይ፣ ትእዛዝ አንድ በአንድ ስጡት። ሰሌዳ ላይም ጻፉለት። ለፈተና ትንሽ ሰዓት ጨምሩለት። ሽንት ቤት ሲጠይቅ አትከልክሉት። እጥበት የሄደበትን ቀን ትምህርት ጓደኛው በደብተር እንዲያቆይለት አድርጉ። እነዚህ ነገሮች ገንዘብ አይጠይቁም።

ወጣቶች ሆይ፣ ሕመሙ ያለባችሁ፣ ሐሳባችሁ ሲበታተንና ስሜታችሁ ሲጨልም ለሐኪማችሁ ንገሩት። መከፋትና ተስፋ መቁረጥ በዚህ ሕመም የተለመደ ነው፤ ሕክምናም አለው። መጻፍ ለማስታወስ ይረዳል፤ ትንሽ ደብተር ከኪሳችሁ አይጥፋ።

በአገራችን እጥበት ውድና ከብዙዎች የራቀ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ በመንገድ ዳር ድምፅ ማጉያ ይዘው እርዳታ የሚለምኑ ቤተሰቦችን ያላየ የለም። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የኩላሊት ንቅለ ተከላ መጀመሩ ትልቅ እርምጃ ነበር። በልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ከንቅለ ተከላ በኋላ ትኩረትና የማሰብ ፍጥነት ሊሻሻል እንደሚችል ያሳያሉ። ነገር ግን ንቅለ ተከላ የመጨረሻው በር ነው። የመጀመሪያው በር በጤና ጣቢያ የሚደረግ የሽንት ምርመራ ነው፤ ሽንት ውስጥ ነክረው በደቂቃዎች ቀለሟን የሚያነብቧት ቀጭን ወረቀት ፕሮቲንና ደም መኖሩን ትናገራለች።

እንግዲህ አድማጮቼ፣ በዚህ ሳምንት ጠዋት ጠዋት ፊቱ የሚያብጥ፣ ሽንቱ የሚያረፋ፣ ቁመቱ የቆመ ወይም ሳይታሰብ በትምህርቱ የደከመ ልጅ በቤታችሁ ካለ፣ ከቁጣው በፊት ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሽንቱን አስመርምሩለት፤ ግፊቱን አስለኩለት።  

(የመዝጊያ ሙዚቃ)